የዴልሂ ዱርባሮች፦ ድግስ ነበሩ ወይስ የአገዛዝ መሣሪያ?

ሰገነት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ሰሞኑን ስለ እንግሊዝ የሕንድ አገዛዝ ሳነብ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እንግሊዞች 1,000 ገደማ ከፍተኛ የሲቪል ሹማምንት ይዘው 300 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንዴት ገዙ? ጦሩ አለ። ባቡሩና ቴሌግራፉ አለ። ግን ሌላም ነገር ነበራቸው፤ ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ ቆጥረን የምናልፈው። እሱም ሥነ ሥርዓት ነው።

(ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እንግሊዞች በዴልሂ ሦስት ታላላቅ ዱርባሮች አድርገዋል፤ በ1877፣ በ1903 እና በ1911። ዱርባር ቀድሞ፣ ከእንግሊዞች በፊት ሕንድን ይገዙ የነበሩት የሞጉል ነገሥታት ችሎት ነበር። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ይቀመጣል። መሳፍንቱ በየማዕረጋቸው ቆመው እጅ ይነሳሉ፣ ገጸ በረከት ያቀርባሉ፣ ካባ ይሸለማሉ። እንግሊዞች ይህን ወግ ወሰዱና የራሳቸው አደረጉት።

ቦታው ለምን ዴልሂ ሆነ? ያኔ ዋና ከተማው ካልካታ ነበር። በ1857 ሕንዶች ሲያምፁ ግን የተሰባሰቡት ዴልሂ ላይ፣ በመጨረሻው የሞጉል ንጉሥ በባሃዱር ሻህ ዛፋር ስም ነበር። እንግሊዞች ከተማዋን መልሰው ሲይዙ ሽማግሌውን ንጉሥ በገዛ ቤተ መንግሥቱ፣ በቀይ ምሽግ ውስጥ ለፍርድ አቆሙት። ከዚያ ወደ ራንጉን አጋዙት፤ እዚያው በ1862 ሞተ። ከዓመፁ ሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ዱርባር የተተከለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በ1857 የእንግሊዝ ጦር ሰፍሮበት ከነበረው ኮረብታ አቅራቢያ ነው። የመጡት መሳፍንት ያ ቦታ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግራቸው አያስፈልጋቸውም ነበር።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1877 ንግሥት ቪክቶሪያ የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት መሆኗ ታወጀ። እሷ አልነበረችም፤ ሕንድን በሕይወቷ አንድም ቀን አላየችም። በቦታዋ የተቀመጠው እንደራሴዋ ሎርድ ሊተን ነው። ከአዋጁ በፊት መሳፍንቱን አንድ በአንድ በድንኳኑ ተቀበላቸው። ከበላዩ የንግሥቲቱ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ለእያንዳንዱ መስፍን የቤተሰቡ ዓርማ ያለበት ከባድ የሐር ሰንደቅ ተሰጠው፤ አንገቱ ላይም የወርቅ ሜዳሊያ ተንጠለጠለለት። ዓርማዎቹን የነደፈው ሮበርት ቴይለር የሚባል የቤንጋል ሲቪል ሹም ነው፤ በአውሮፓ መኳንንት ወግ። ብዙዎቹ መሳፍንት እንዲህ ያለ ዓርማ ከዚያ በፊት ኖሯቸው አያውቅም።

እኔ የምለው ይህ ሁሉ ራሱ አስተዳደር ነበር ነው። ማን ከማን እንደሚበልጥ፣ ማን ለማን እንደሚያጎነብስ በሕዝብ ፊት ተለክቶ የሚቀመጥበት መድረክ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሸገር_12

ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። ግን እኔ በዚህ አልስማማም። ድግስ ድግስ ነው። ሕንድን ያስገበረው መድፍ ነው። በ1857 ዴልሂ የወደቀችው በሰንደቅና በሜዳሊያ አይደለም። ያንን ሁሉ ሰው ገድለው፣ ንጉሡን አግዘው ካበቁ በኋላ ዝሆን ላይ ቢወጡ ባይወጡ ምን ይለውጣል? ማሃራጃዎቹም ሞኞች አልነበሩም። እምቢ ቢሉ ምን እንደሚመጣባቸው ስለሚያውቁ ነው የመጡት። ሥነ ሥርዓቱን ብዙ ካገነንነው ደሙን እንዳንረሳው እሰጋለሁ።

ሰገነት

ስጋትህ ይገባኛል። ደሙን የረሳ ሰው ስለ ዱርባር ባይጽፍ ይሻለዋል። ግን አስበው፤ መድፍ አንድ ከተማ ያስይዛል። ከ560 በላይ መሳፍንት ለ70 ዓመት ያህል ተከፋፍለው እንዲኖሩ የሚያደርገው ግን ምንድን ነው?

የመድፍ ሰላምታውን ብቻ ውሰድ። ለንጉሠ ነገሥቱ 101 ጊዜ ይተኮሳል። ለእንደራሴው 31። ለመሳፍንቱ ደግሞ 21፣ 19፣ 17፣ 15፣ 13፣ 11 ወይም 9። ከመሳፍንቱ አብዛኞቹ ምንም አይተኮስላቸውም ነበር፤ ሰላምታ የሚገባቸው 120 ያህል ብቻ ናቸው። 11 እና ከዚያ በላይ የሚተኮስለት «ልዑልነትዎ» ተብሎ ይጠራል፤ 9 ብቻ የሚተኮስለት ይህ አይገባውም። በ1911 ዱርባር ጊዜ 21 የሚተኮስላቸው ሦስት ነበሩ፤ ሃይደራባድ፣ ማይሶርና ባሮዳ። ጉዋሊየር 21 የገባው በ1917፣ በዓለም ጦርነት መሀል፣ ለእንግሊዝ ታማኝነቱ ከታየ በኋላ ነው። ካሽሚር በ1921 ተከተለ።

ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። የሚወስነው እንግሊዝ ነው። እንደራሴው አንድን መስፍን ሲቀበል ስንት እርምጃ እንደሚራመድለት ሳይቀር በማዕረግ የተወሰነ ነበር። አባቱ በጦር ሜዳ ከጎረቤቱ ጋር ይለካካ የነበረ ሰው አሁን በመድፍ ድምፅ ቁጥር ይለካካል። ለዚያች ሁለት ተኩስ ጭማሪ ዓመታት ደጅ የጠኑ፣ ደብዳቤ ሲጽፉ የኖሩ አሉ። እርስ በርስ ሲፎካከሩ በአንድ ላይ አይነሱም። ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ጦር በስንት ይገዛል?

እሌኒ_ቢ

ሰገነት፣ ስለ 1877 ስትጽፍ ዋናውን ነገር ያለፍከው መሰለኝ። በዚያው ወር በደቡብ ሕንድ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር።

በ1876 ዝናቡ ቀረ። ማድራስ፣ ማይሶር፣ ሃይደራባድ፣ የቦምቤይ ግዛት ወረዳዎች ሁሉ ደረቁ። ረሃቡ እስከ 1878 ዘለቀ። የሞተው ሕዝብ በትንሹ ግምት ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው። ሊተን ግን መሰናዶውን አላቆመም። ዴልሂ ላይ ለአሥር ሺዎች ግብር ሲበላ ማድራስ ላይ ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ልጥቀስላችሁ። ሰር ሪቻርድ ቴምፕል ይባላል። በ1874 በቢሃር ድርቅ ሲመጣ ይኸው ሰው ከበርማ ሩዝ አስመጥቶ አከፋፈለ። በጣም ጥቂት ሰው ነው የሞተው። ገንዘብ አባከንክ ተብሎ ግን ከለንደን ክፉኛ ተወቀሰ። በጃንዋሪ 1877፣ ዱርባሩ ገና ሲጠናቀቅ፣ ሊተን ቴምፕልን ወደ ማድራስ ላከው፤ የእርዳታውን ወጪ እንዲቀንስ። ያ ሰው ትምህርቱን ወስዶ ነበር። በእርዳታ ሥራ ላይ ለተሰማራ አንድ ወንድ የቀን ድርሻው ወደ 450 ግራም እህልና ትንሽ ሳንቲም እንዲሆን ወሰነ። በዚያ እህል ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ይፈልጣል፣ አፈር ይቆፍራል። የማድራስ የጤና ኃላፊ የነበረው ዶክተር ኮርኒሽ ይህ ሰውን ይገድላል ብሎ ተከራከረ። እህሉ ደግሞ በባቡር ወደ ወደብ እየተጓዘ ወደ ውጭ መላኩ አልተቋረጠም።

እኛ ረሃብን ከመጽሐፍ አይደለም የምናውቀው። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ አዲስ አበባ ላይ ምን ይደረግ እንደነበር ወላጆቻችን ነግረውናል። ስለዚህ ስለ ሐር ሰንደቁ ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማድራስ ነው።

ቶራ

የማድራሱን አላውቅም ነበር እህቴ። ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ሊተን ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣቱን በምን አሳመነ? ለንደን ስለ ቢሃር ሩዝ የጮኸው ለዱርባሩ ለምን ዝም አለ?

ሰገነት

ቶራ፣ መልሱ እኮ የእኔው ነጥብ ነው። ሊተን ገበሬው የራሱ የፖለቲካ ድምፅ የሌለው፣ መሳፍንቱን የሚከተል ሕዝብ ነው ብሎ ያምን ነበር። መሳፍንቱን ከያዝን ሕዝቡን ያዝን ነው ሐሳቡ። በዚህ ዓይን ሲታይ ለመሳፍንት የሚወጣ ገንዘብ የአገዛዝ ወጪ ነው። ለራብተኛ የሚወጣው ግን ብክነት። እሌኒ ያነሳሽውን አላለፍኩትም ለማለት አይደለም፤ ሁለቱ ውሳኔዎች ከአንድ ጭንቅላት መውጣታቸውን ለማሳየት ነው።

የቀበና_ልጅ

እኔ ዴልሂ ነው የተማርኩት። ብዙ የሀበሻ ተማሪ ቀይ ምሽግንና ኢንዲያ ጌትን አይቶ ይመለሳል። ሦስቱም ዱርባሮች የተደረጉበትን ሜዳ ግን የሚያውቀው የለም። ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ ኮሮኔሽን ፓርክ ይባላል።

መሀሉ ላይ ረጅም የድንጋይ ሐውልት አለ፤ የ1911ዱ ዱርባር መታሰቢያ። ከነፃነት በኋላ ከዴልሂ አደባባዮች የተነሱት የእንግሊዝ ሹማምንት ሐውልቶች የተወሰዱት ወደዚህ ነው። ትልቁ የጊዮርጊስ አምስተኛ ነው። በፊት ቆሞ የነበረው ኢንዲያ ጌት ፊት ለፊት፣ በድንጋይ ዳስ ሥር ነበር። በ1960ዎቹ አንስተው እዚህ አመጡት። ሌሎቹ ሐውልቶች በየመሠረታቸው ላይ ቆመዋል፤ ሐውልት የሌለባቸው ባዶ መሠረቶችም አሉ። እኔ የሄድኩ ቀን የሰፈሩ ልጆች ክሪኬት ይጫወቱ ነበር። አንዱን ልጅ ይህ ሐውልት የማን ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው አለኝ፣ ስሙን ግን አያውቀውም።

የድንጋይ ዳሱ ደግሞ ሐውልቱ ከተነሳ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ባዶውን ቆሟል። ማን ይቀመጥበት የሚለው ክርክር አላባራ ብሎ ነበር። በ2022 የሱባስ ቻንድራ ቦስ ሐውልት ቆመበት፤ እንግሊዝን በጦር መሣሪያ ሊያስወጣ የታገለው ሰው።

ነጋሪት

ሸገር_12 ሥነ ሥርዓቱ ምን ይለውጣል ብለህ ነበር። እኔ በተቃራኒው በኩል ልምጣ። ሥነ ሥርዓቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ የሚያፈርሰው ሰው እንዲያ አያስደነግጣቸውም ነበር።

መጀመሪያ በ1877። በዚያ ሁሉ ሐርና ዕንቁ መሀል ከፑና ከተማ የመጣ ጋኔሽ ቫሱዴቭ ጆሺ የሚባል ሰው ነበር። የለበሰው በእጅ የተፈተለ ነጭ ጥጥ ነው። ሕንዶች ከእንግሊዝ ዜጎች ጋር እኩል የፖለቲካና የማኅበራዊ ኑሮ መብት እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ ጽሑፍ ይዞ ቀረበ። ጋንዲ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

ቀጥሎ 1911። ይኼኛው በፊልም ተቀርጿል። ንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛና ንግሥት ሜሪ ራሳቸው መጥተዋል። መሳፍንቱ በየተራ ወጥተው እጅ መንሳት አለባቸው። ሥርዓቱ ቀድሞ ተነግሯቸዋል፤ ሦስት ጊዜ ማጎንበስ፣ ከዚያም ለንጉሡ ጀርባ ሳይሰጡ ወደ ኋላ መሄድ። በሀገራችን ቤተ መንግሥት የነበረውን ወግ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የሃይደራባዱ ገዥ፣ ኒዛሙ፣ ቀድሞ ወጣ፤ ሥርዓቱን ፈጸመ። ከዚያ የባሮዳው ማሃራጃ ሳያጂራኦ ጋይክዋድ ተራ ደረሰ። ቀለል ያለ ነጭ ልብስ ለብሷል። ጌጣጌጡ የለም። እጁ ላይ ከዘራ ይዟል። አንድ ጊዜ ብቻ ጎንበስ አለና ዞሮ ሄደ። ለንጉሠ ነገሥቱ ጀርባውን ሰጥቶ።

የለንደን ጋዜጦች አበዱ። ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች ታየ፤ ሕዝቡ በዓይኑ አየው። ማሃራጃው ለእንደራሴው ለሃርዲንግ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፤ ግራ ተጋብቼ ነው አለ። ሆን ብሎ ነው ወይስ ደንግጦ? እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሰውየውን ግን ተመልከቱት። የገጠር ልጅ ነበር። እንግሊዞች የቀድሞውን ማሃራጃ አውርደው በ1875 ይህን ልጅ አነገሡት። በ1877 ዱርባር ላይ ገና ልጅ ሳለ «የእንግሊዝ መንግሥት ልዩ ልጅ» የሚል ማዕረግ ሰጡት። አድጎ ግን በግዛቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ግዴታ አደረገ። ከዱርባሩ ሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አምቤድካርን ከፍሎ ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላከው። አምቤድካር የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው ሰው ነው።

አንድ ሰው አንዴ ጀርባውን ቢያዞር ግዛቱ ይህን ያህል የሚናወጠው ለምን ይመስልሃል?

ሸገር_12

የጋይክዋዱ ታሪክ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም፣ ፊልሙን ፈልጌ አየሁት። ግን ይቅርታ ጠየቀ እኮ። ያስጠየቀው ደግሞ ከጀርባ ያለው ጦር ነው። ለእኔ አሁንም ነገሩ ሁሉ መድፍ ጋ ነው የሚመለሰው። ይልቅ ንጉሡ ራሱ ይህን ሁሉ እንዴት እንዳየው የሚያውቅ አለ? እሱም በትርኢቱ ተማርኮ ነበር?

ሰገነት

ንጉሡ የምር ያምንበት ነበር። ልምጣ ያለው እሱ ነው። ከሱ በፊትም ሆነ በኋላ ለንግሥና በዓል ሕንድ የሄደ የእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥት የለም።

መጀመሪያ ግን ዘውዱ ችግር ሆነ። የእንግሊዝ ዘውድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለከላል። ስለዚህ ለዱርባሩ ብቻ ሌላ ዘውድ ተሠራ። ከ6,000 በላይ አልማዝ አለበት። 60,000 ፓውንድ ወጣበት፤ የከፈለው ደግሞ የሕንድ ግምጃ ቤት ነው። ንጉሡ በዱርባሩ ዕለት ለሦስት ሰዓት ተኩል አደረገውና ማታ ማስታወሻው ላይ ከባድ እንደነበርና ራሱን እንዳሳመመው ጻፈ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ማንም አላደረገውም። ለንደን ታወር ውስጥ ነው ያለው። ሕንዶች የከፈሉበት ዘውድ ወደ ሕንድ አልተመለሰም።

ከዱርባሩ አምስት ቀን በፊት ወደ ከተማ ሲገባ ደግሞ በዝሆን ፈንታ በፈረስ ገባ። የፊልድ ማርሻል ልብስና የራስ ቁር አድርጎ፣ በጄኔራሎቹ መሀል። ለሰዓታት ቆሞ የጠበቀው ሕዝብ ንጉሡ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ አለፈው! የያኔው እንደራሴ ኩርዞን በ1903 ዝሆን ላይ የወጣው ያለ ነገር አልነበረም። በዱርባሩ ማግሥት፣ ዲሴምበር 13 ቀን፣ ይህን የሚክስ ነገር አደረጉ። ንጉሡና ንግሥቲቱ ዘውዳቸውን ጭነው በቀይ ምሽግ ሰገነት ላይ ወጡ። ሞጉሎቹ በየማለዳው ለሕዝባቸው ይታዩበት በነበረው ወግ። ከታች ሜዳው በሰው ተሞልቶ ነበር።

በዱርባሩ ማብቂያ ንጉሡ ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ። ዋና ከተማው ከካልካታ ወደ ዴልሂ ይዛወራል። የቤንጋልም ክፍፍል ይሻራል። ቤንጋል በ1905 ስትከፈል ሕዝቡ ዓመታት የእንግሊዝ ዕቃ አልገዛም ብሎ ታግሏል። ያንን ሽንፈት የንጉሥ ችሮታ አስመስለው ማቅረብ የቻሉት በዱርባር ብቻ ነው። ይኼ ደግሞ መድፍ የማይሠራው ሥራ ነው፣ ሸገር።

እሌኒ_ቢ

ስለ 1903 ኩርዞን ካነሳህ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የሚስቱ ቀሚስ። ሌዲ ኩርዞን የለበሰችው የጣዎስ ላባ ንድፍ ያለበት፣ በወርቅና በብር ክር የተጠለፈ ቀሚስ ነው። በየላባው ዓይን መሀል አረንጓዴ የጥንዚዛ ክንፍ ተሰፍቶበታል፤ መብራት ሲነካው ያብረቀርቃል። ጥልፉን የሠሩት የሕንድ ጠላፊዎች ናቸው። ጨርቁ ፓሪስ ተልኮ ተሰፋ፤ ቀሚሱም በፓሪሱ ልብስ ሰፊ ቤት በዎርዝ ስም ተጠራ። ዛሬም እንግሊዝ ሀገር በኩርዞኖች ቤት ለእይታ ቀርቧል። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው እዚያ ጨርቅ ላይ የስንት ሰው ዓይን እንደጠፋ ይገባዋል።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በ1902 ሲያልኮት ላይ የዘጠነኛው ላንሰርስ ፈረሰኛ ጦር ወታደሮች አንድ ሕንዳዊ ወጥ ቤት ደብድበው ገደሉ። ጦሩ ገዳዮቹን አላወጣም። ኩርዞን፣ ይህን ልመስክርለት፣ መላውን ክፍለ ጦር ቀጣ፤ ፈቃድ ከለከላቸው። ዱርባሩ ላይ ያ ጦር በሰልፍ ሲያልፍ እዚያ የተቀመጡት አውሮፓውያን ተነስተው በጭብጨባና በሆታ ተቀበሉት። እንደራሴው ፈረሱ ላይ ሆኖ ያያል። የራሱ እንግዶች ናቸው፣ በራሱ ድግስ ላይ ለገዳዮች የሚያጨበጭቡት።

በ1903 መጨረሻ የሕንዶች የፖለቲካ ማኅበር የሆነው የሕንድ ኮንግረስ ማድራስ ላይ ሲሰበሰብ ፕሬዚዳንቱ ላልሞሃን ጎሽ ይህን ዱርባር በአደባባይ አወገዘ። ከድሃ ግብር ሰብስቦ ለርችትና ለትርኢት ማውጣት ጭካኔ ነው አለ። ሕዝቡ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ ሲያይ ነበር ለሚሉ ይህን አስታውሱልኝ።

ጋሼ_መርሻ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በጥሞና ተከታትያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ያላነሳችሁት አንድ ቀን አለ፤ ዲሴምበር 23 ቀን 1912።

ከዱርባሩ ዓመት በኋላ እንደራሴው ሃርዲንግ ወደ አዲሱ ዋና ከተማ በክብር ሲገባ ነው። ከሚስቱ ጋር ዝሆን ላይ ተቀምጦ በቻንድኒ ቾክ ገበያ ያልፋል። ቦምብ ተወረወረበት። ሃርዲንግ ክፉኛ ቆሰለ። ከኋላው ቆሞ ጃንጥላ የያዘለት አገልጋይ ሞተ። ሤራውን የመራው ራሽ ቢሃሪ ቦስ አመለጠ፤ ኋላም ጃፓን ገባ። ቦምቡን የወረወረው ባሳንታ ኩማር ቢስዋስን ጨምሮ አራት ሰዎች በ1915 ተሰቀሉ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የእኛው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። ያም እኮ ሥነ ሥርዓት ነበር። የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወለደለትና ግራዚያኒ በዓሉን ለማክበር የአዲስ አበባን ድሆች ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ግቢ፣ ሰበሰበ። ለእያንዳንዱ ምጽዋት ሊሰጥ። መኳንንቱ ተጠርተዋል። ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ተቀምጠዋል። ግራዚያኒ ከደረጃው ላይ ቆሞ ይመጸውታል፤ በንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ በንጉሡ ወግ። ምጽዋት መስጠት የነገሥታቱ ተግባር እንደነበረ ታውቃላችሁ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የወረወሩት እዚያ ላይ ነው። ወዲያው ከሞቱት አንዱ እዚህም ጃንጥላ ያዥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋ ታረደች። መንግሥታችን 30 ሺህ ሰው ብሎ ያስመዘገበው ነው።

ዴልሂም አዲስ አበባም ቦምቡ የተወረወረው የጦር ሰፈር ላይ ወይም ምሽግ ላይ አልነበረም። ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ወርዋሪዎቹ ገዥው ጌትነቱን የሚያሳይበትን ሰዓት መርጠው ነው። ሸገር፣ ልጄ፣ እነዚያ ወጣቶች ሥነ ሥርዓት ዝም ብሎ ድግስ አለመሆኑን ያውቁ ነበር።

ሸገር_12

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካቲት 12ን በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን የሰገነት ክርክር በደንብ ገባኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። የእኛም ነገሥታት እጅ ያስነሱ ነበር፣ ግብር ያበሉ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ንግሥና ብዙ ወጪ ወጥቶበታል። እሱንስ ከዱርባሩ በምን እንለየው?

ጋሼ_መርሻ

መልካም ጥያቄ ነው። ከሕዝቡ በኩል ካየኸው ገበሬው በሁለቱም ከፍሏል፤ ይህን አልክድም። ሥነ ሥርዓቱ የተነገረው ለማን ነው ብለህ ከጠየቅህ ግን ይለያያል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዙሪያችንን በሙሉ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ይዘውናል። በአፍሪካ ነፃ የቀረው ሀገር በጣት የሚቆጠር ነው። በዚያ ቀን የእነዚያ ቅኝ ገዥዎች መልእክተኞች መጥተው በኢትዮጵያዊ ዘውድ ፊት ቆሙ። ከእንግሊዝ የመጣው የግሎስተሩ መስፍን ነው፤ ዴልሂ ላይ ዘውድ የጫነው የጊዮርጊስ አምስተኛ ልጅ። ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከኢጣሊያ የኡዲኔው ልዑል። ዴልሂ ላይ ሥነ ሥርዓቱ ተገዥን በደረጃው ያስቀምጥ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ከእናንተ እኩል ነን ለማለት ነው የዋለው። ኢጣሊያ ልዑሏን ልካ ባከበረች በአምስተኛው ዓመት ወረረችን፤ በዓል ብቻውን ሀገር እንደማያድን ያኔ አየነው።

ነጋሪት

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። እኔ የሕንዱን መጨረሻ ልጨምር።

በፌብሩዋሪ 1916 ቤናሬስ ላይ የሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ማሃራጃዎች በዕንቁ ተንቆጥቁጠው ተሰበሰቡ። ጋንዲ ከደቡብ አፍሪካ ከተመለሰ ገና ዓመቱ ነው። እንዲናገር ተጋበዘ። ፊት ለፊታቸው፣ ይህን ጌጥ አውልቃችሁ ለሕዝቡ ካላዋላችሁት ሕንድ አትድንም አላቸው። መሀል ላይ አስቁመውታል፤ አንዳንዶቹ መሳፍንትም ተነስተው ወጡ።

በኖቬምበር 1921 ደግሞ የዌልሱ ልዑል፣ የጊዮርጊስ ልጅ፣ ሕንድን ሊጎበኝ ቦምቤይ ደረሰ። ኮንግረስ ማንም እንዳይቀበለው ጥሪ አደረገ። ቦምቤይ ላይ ግርግር ተነሳ፤ ሰው ሞተ። አላሃባድ ሲደርስ ጎዳናው ባዶ ነበር። ሱቁ ተዘግቷል፤ ሕዝቡ ቤቱ ተቀምጧል። ከአሥር ዓመት በፊት አባቱን ለማየት ለሰዓታት ፀሐይ ላይ የቆመ ሕዝብ ነው ይኼ።

ቶራ

አራተኛ ዱርባር ለምን አልተደረገም? ከ1911 በኋላ እኮ ሁለት ነገሥታት ነግሠዋል።

ሰገነት

ታስቦ ነበር። ኤድዋርድ ስምንተኛ ወደ ሕንድ ሄዶ ዱርባር እንዲያደርግ ታቅዶ ሳለ በዲሴምበር 1936 ዙፋኑን ለቀቀ። ወንድሙ ጊዮርጊስ ስድስተኛ ሲነግሥ ጉዳዩ እንደገና ተነሳ። ግን በ1937 ምርጫ ኮንግረስ አብዛኞቹን ክፍለ ሀገሮች አሸንፎ ነበር፤ በንግሥናው በዓልም አንሳተፍም ብሎ ነበር። መሳፍንቱ ይመጣሉ፤ ሕዝቡ ግን እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል። ለአላሃባድ ዓይነት ባዶ ጎዳና ማንም መዋረድ አልፈለገም። ዱርባሩ ተላለፈ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በዚያው ቀረ።

ጊዮርጊስ ስድስተኛ «የሕንድ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ የተወው በጁን 1948 ነው፤ ሕንድ ነፃ ከወጣች ዓመት ሊሞላት ሲል። መሳፍንቱ ደግሞ ማዕረጋቸውንና ከመንግሥት ያገኙት የነበረውን ዓመታዊ አበል እስከ 1971 ይዘው ቆዩ። ያጠፋው የኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት ነው፤ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ።

ጋሼ መርሻ፣ የካቲት 12ን እንደ ሥነ ሥርዓት ስላዩበት ነገር ራሱን የቻለ ክር ቢከፍቱልን ደስ ይለናል። ከከፈቱ ሊንኩን እዚህ ያስቀምጡልን።